«ያለ ቀዶ ማከም» ስለሚባለው ምርምር የቀረበ ሂስ

ጌርሃርድ ላይነንጋና ዩርገን ጎትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ አገር በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በ2015 ዓ. ም. ያሳተሙት አንድ የምርምር ጽሑፍ አለ። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተዘዋዋሪ አልትራሳውንድ በአልዛይመር በሽታ አምሳያ አይጥ ላይ አሚሎይድ ቤታን ያስወግዳል፤ ማስታወስንም ይመልሳል» የሚል ነው። (በዚህ ሂስ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ እንደ ወጣ በብዙ አገር ጋዜጦች ተነግሮለታል፤ ከዚያም ወዲህ የራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን ስለ ማከም የሚጽፍ ሰው ሳይጠቅሰው የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው። እኛ ልንመረምረው የተነሣነው ደካማ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ደካማ ሥራ በራሱ ጊዜ ይረሳል። ይህኛው ግን ጠንካራ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ግድፈት ከጥንካሬው ጋር ተያይዞ ወደ ሌሎች ጽሑፎች ሲተላለፍ ስላየን ነው።

አልዛይመር የማስታወስንና የማሰብን ኀይል ቀስ በቀስ የሚነጥቅ በሽታ ሲሆን ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። እናቱ ስሙን የረሳችበት ሰው «ማስታወስን ይመልሳል» የሚለውን ሲያነብ፣ «አይጥ» የሚለውን ቃል ዘሎ እንደሚያልፈው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አርእስት ቃል በቃል ሊመዘን ይገባዋል እንላለን።

በመጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ እንግለጽ። የአንጎል የደም ሥሮች እንደ ሌላው አካል የደም ሥሮች አይደሉም፤ ግድግዳቸውን የሠሩት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለ ተያያዙ፣ በደም ውስጥ ከሚዘዋወረው ነገር አብዛኛው ወደ አንጎል አይገባም። ይህንን የደምና የአንጎል አጥር ይሉታል። ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ በ1885 ዓ. ም. በእንስሳት አካል ውስጥ ቀለም ጨምሮ ሌላው ሁሉ ሲቀለም አንጎል ሳይቀለም መቅረቱን ከጻፈ ወዲህ፣ ይህ አጥር ተመራማሪዎችን ሲያደክም ኖሯል። አጥሩ መርዝን ይከለክላል፤ መድኃኒትንም እንዲሁ።

ላይነንጋና ጎትዝ አይጧን በማደንዘዣ ካስተኙ በኋላ በደሟ ውስጥ ደቃቅ አረፋዎችን በመርፌ ይጨምራሉ። እነዚህ አረፋዎች በውስጣቸው ጋዝ ያለባቸው፣ መጠናቸውም የቀይ የደም ሕዋስን ያህል የሆነ፣ የልብ ሐኪሞች ልብን በአልትራሳውንድ ሲያዩ ከሚጠቀሙባቸው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ በኋላ አልትራሳውንዱ ከውጭ በራስ ቅሉ በኩል ይላካል። ድምፁ የደረሰበት አረፋ ሁሉ እየተነፋና እየተኮማተረ የደም ሥሩን ግድግዳ ስለሚገፋው አጥሩ ለጊዜው ይላላል። የድምፁ ትኩረት ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወረ መላውን አንጎል ያዳርሳል፤ ሕክምናውም ይደጋገማል። መድኃኒት ግን አይጨመርም። ከእነርሱ አስቀድሞ በካናዳ በቶሮንቶ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 ዓ. ም. አልትራሳውንዱ ብቻውን የፕሮቲኑን ዝቃጭ እንደሚቀንስ አሳይተው ነበር፤ የአውስትራሊያዎቹ አዲስነት መላውን አንጎል ማዳረሳቸውና ሥራውን ደጋግመው ከማስታወስ ፈተና ጋር ማያያዛቸው ነው።

ውጤቱም የሚያስደንቅ ነበር። አሚሎይድ ቤታ የተባለው ፕሮቲን ዝቃጭ በታከሙት አይጦች አንጎል ቀንሶ ተገኘ፤ ከታከሙትም በ75 ከመቶዎቹ የጸዱ ዝቃጮች ታዩ። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ጠራጊ ሕዋሳት ፕሮቲኑን ውጠው በሆዳቸው እንደ ያዙት በማይክሮስኮፕ በሦስት ገጽ ተሥሎ ቀረበ። አይጦቹም በሦስት ዓይነት ፈተና የተሻሉ ሆኑ። ለንጽጽር የቀረቡት አይጦች በዝግጅቱ ሁሉ አልፈው ድምፁ ብቻ ያልተላከባቸው መሆናቸው ሊመሰገን የሚገባው ጥንቃቄ ነው፤ ማደንዘዣውና መርፌው ያመጣውን ለውጥ የአልትራሳውንዱ ነው ብሎ ከመሳሳት ያድናልና።

አሁን ወደ አርእስቱ እንመለስ። በእንግሊዝኛው «ያስወግዳል» እና «ይመልሳል» የሚሉት ሁለቱ ግሦች የተገናኙት በአንዲት አያያዥ ቃል ነው። ከፍ ብሎ እንደ ተጻፈው እኛም በጥንቃቄ ለያይተን ተርጉመነዋል። ነገር ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይጠነቀቅ ቢተረጉመው «አሚሎይድን አስወግዶ ማስታወስን ይመልሳል» ማለቱ አይቀርም። በቋንቋችን እንዲህ ያለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ፊተኛው ለኋለኛው ምክንያት መሆኑን ያሰማል፤ «በልቶ ጠገበ» ያልነው ሰው የጠገበው በመብላቱ ነው፤ «ወድቆ ተሰበረ» ያልነው እንስራም የተሰበረው በመውደቁ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው በልቡ የሚረዳው ይህንኑ ነው እንጂ ሁለቱ ነገሮች እንዲሁ ጎን ለጎን ደረሱ ብሎ አይደለም። ደራሲዎቹ «አስወግዶ» ብለው አልጻፉም፤ ነገር ግን አንባቢው «አስወግዶ» ብሎ እንዲያነብ በሩን ክፍት ትተውለታል።

ታዲያ ማስረጃው ለ«አስወግዶ» ይበቃልን? አይበቃም። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ዓይነት አይጥ፣ በአንድ ሕክምና፣ በአንድ ወቅት ታይተዋል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን የሚለይ ሙከራ ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ አጥሩን ያላላል፣ በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ያስገባል፣ ጠራጊ ሕዋሳትን ያነቃቃል፣ የነርቭ ሕዋሳትንም በራሱ ግፊት ይነካል። ከእነዚህ ማናቸውም ለአይጧ መሻሻል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የዚሁ የጎትዝ ላቦራቶሪ ሰዎች በ2021 ዓ. ም. ሌላ ጽሑፍ አወጡ። በዚህኛው የሰው አሚሎይድ የሌለባቸውን፣ እንዲያው በዕድሜ ብቻ ያረጁ አይጦችን ወስደው አንዳንዶቹን በአልትራሳውንድና በአረፋ፣ ሌሎቹን ያለ አረፋ በአልትራሳውንድ ብቻ አከሙ። ያለ አረፋ አጥሩ አይከፈትም። ሆኖም የቦታ ትምህርታቸው የተሻሻለው፣ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውም ግንኙነት ይበልጥ የጠነከረው አጥራቸው ባልተከፈተው አይጦች ላይ ሆነ። የሚወገድ ዝቃጭ በሌለበት፣ የሚከፈት አጥርም ሳይከፈት ማስታወስ ከተሻሻለ፣ በ2015ቱ ጽሑፍ «ያስወግዳል» እና «ይመልሳል» የሚሉት ግሦች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማሰሪያቸው ግን ላላ። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ሐሳብ የሚያናጋ ውጤት ሳይደብቁ ማውጣታቸው ያስከብራቸዋል። የሚያሳዝነው የ2015ቱን የሚጠቅሱ ብዙዎች የ2021ዱን አለመጥቀሳቸው ነው።

ስለ አይጧ ብዙ ማለት አያስፈልገንም። ኤፒፒ23 ትባላለች፤ በውስጧ የገባው የሰው ጂን በአንድ የስዊድን ቤተሰብ የተገኘ የጂን ስሕተት ያለበት ሲሆን የአሚሎይዱን እናት ፕሮቲን ከራሷ ሰባት እጥፍ ያህል እንድታመርት ያደርጋታል። ዝቃጩ ይከማችባታል፤ የሰዎቹን በሽታ ሌላውን ግማሽ፣ ማለት ታው በተባለው ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ የሚቋጠረውን ክር ግን አታበጅም። እንግዲህ የበሽታው አምሳያ ሳትሆን የዝቃጩ አምሳያ ናት ብንል ይሻላል። ልዩነቱ የቃል ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ታሪክ አሳይቷል። በ1999 ዓ. ም. ሌላ ዓይነት አምሳያ አይጦች አሚሎይድን እንዲዋጉ በክትባት መልክ ተከትበው ዝቃጩ ተወገደላቸው፤ ነገሩ ወደ ሰው ተላለፈ፤ ከ300 ያህል ተከታቢዎች 18ቱ የአንጎልና የሽፋኑ ብግነት ስለ ያዛቸው ክትባቱ በ2002 ዓ. ም. ቆመ። በ2008 ዓ. ም. በወጣው ተከታይ ጥናት ከሞቱት አንዳንዶች ሲመረመሩ ዝቃጩ ከአንጎላቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኘ፤ ቢሆንም እስከ ሞታቸው ድረስ በሽታው ጸንቶባቸው ነበር። ዝቃጩ ተወግዶ ማስታወስ ሳይመለስ የቀረበት ይህ የሰው ማስረጃ ከ2015 ሰባት ዓመት ቀድሞ ታትሟል።

የማስታወስ ፈተናዎቹም ቢሆኑ ምን እንደሚለኩ ማወቅ ይገባል። አንደኛው አይጧ በሦስት ቅርንጫፍ መንገድ ስትዘዋወር ቀድሞ የገባችበትን ትታ ወደ ሌላው መግባቷን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ከለመደችው ዕቃ ይልቅ አዲሱን ማሽተቷን፤ ሦስተኛው በሚሽከረከር መድረክ ላይ እግሯን ኤሌክትሪክ የሚነዝራትን ስፍራ መሸሿን። ለአይጥ እነዚህ ጥሩ ፈተናዎች ናቸው። የልጅን ስም ከማስታወስ ጋር ግን በአንድ ቃል መጠራታቸው ለአንባቢ ደግነት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። ደራሲዎቹ ዘዴያቸውን የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሥረ መሠረቱን ብንመለከት፣ «ወደ ውስጥ ዘልቆ የማይወር» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ «ያለ ቀዶ» ብንለው ልክ ይሆናል፤ «ያለ ጉዳት» ብንለው ግን ስሕተት ነው፤ አንባቢ ግን የመጀመሪያውን ሲሰማ ሁለተኛውን ይረዳል። ቀዶ በቆዳ ላይ ይታያል፤ ጉዳት ግን ከቆዳ በታችም አለ።

የቃሉን ታሪክ እንከተል። አልትራሳውንድና አረፋ ሲቀናጁ የአንጎልን አጥር በተወሰነ ስፍራ መክፈት እንደሚቻል በ2001 ዓ. ም. ኩለርቮ ሂኒነንና ባልደረቦቹ በቦስተን በ18 ጥንቸሎች አሳዩ። ያም ጽሑፍ በአርእስቱ «ያለ ቀዶ» የሚለውን ቃል ይዟል። ነገር ግን አጥንቱ ድምፁን እንዳይሰብረው ከጥንቸሎቹ የራስ ቅል ላይ አስቀድሞ ቁራጭ አጥንት በቀዶ ተነሥቶ ነበር! በእርግጥ ተመራማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ቃሉ የሚመለከተው አጥሩ የተከፈተበትን ሥራ እንጂ መሰናዶውን አይደለም ሊሉ ይችላሉ። በ2007 ዓ. ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሊሳ ኮኖፋጉ ባልደረቦች በአይጥ ላይ ቆዳውና አጥንቱ ሳይነካ ሠሩት፤ ቃሉ ያን ጊዜ እውነት ሆነ። ወደ ሰው ሲመጣ ደግሞ እንደ ገና ይሸራረፋል። በ2018 ዓ. ም. በቶሮንቶ በአምስት የአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ የእያንዳንዱ ራስ ተላጭቶ፣ ከኤም አር አይ መሣሪያው ጋር እንዳይነቃነቅ በብረት ማዕቀፍ በብሎን ተይዞ ነበር። ሕመምተኛው «ያለ ቀዶ» ተብሎ ሲገባ ብሎን ይጠብቀዋል።

ይህ ግን የላይ ላዩ ነው። ከቆዳ በታች ያለውን በ2017 ዓ. ም. በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት ተመራማሪዎች በአይጠ መጎጥ አንጎል መርምረው፣ አጥሩ ከተከፈተ በኋላ ተሐዋስያን ሳይኖሩበት ብግነት እንደሚነሣና እስከ 24 ሰዓት እንደሚቆይ አሳዩ። ሂኒነንና ማክማሆን በዚያው ዓመት፣ ብግነቱ በሚሰጠው የአረፋ መጠን ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ አረፋው ሲቀንስ ብግነቱም እንደሚቀንስ አሳዩ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይመስሉናል። እኛ የምናተኩረው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው፤ የ2015ቱ ጽሑፍ ዝቃጩን ያስወገዱልን ጠራጊ ሕዋሳት በአልትራሳውንዱ መነቃቃታቸውን እንደ ትሩፋት ይቆጥራል፤ የ2017ቱ ጽሑፍ ደግሞ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን መነሣሣት እንደ ብግነት ይጽፋል። በአንዱ ላቦራቶሪ ፈውስ የተባለው በሌላው ጉዳት ከተባለ፣ ለይቶ የሚፈርደው መጠኑና ጊዜው ነው፤ «ያለ ቀዶ» የሚለው ቃል ግን ስለ መጠንም ስለ ጊዜም አንዳች አይነግረንም። ደራሲዎቹ ራሳቸው «ጎልቶ የሚታይ ጉዳት ሳያደርስ» ብለው መጻፋቸውን ልብ ይሏል። ጎልቶ ለማን? በምን መሣሪያ?

ይህ ጥያቄ ወደ ፎቶግራፉ ያደርሰናል። በ2015ቱ ሥራ አጥሩ መከፈቱ የተረጋገጠው ኢቫንስ ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ይህም ከኤርሊክ ዘዴ የተወለደ ነው። የዝቃጩም መቀነስ ዋና ማስረጃ ከሞት በኋላ በስሱ በተከተፈ አንጎል በማይክሮስኮፕ የታየ ነው። ይህ ማለት ከአንዲት አይጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ «ቀነሰ» ሲባልም የታከመችው ካልታከመችው ያነሰ አላት ማለት ነው እንጂ፣ ያችው አይጥ ከትናንቱ ዛሬ ያነሰ አላት ማለት አይደለም። አንባቢ ግን «ያስወግዳል» የሚለውን ግሥ ሲያነብ የሚረዳው ኋለኛውን ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረምን? ነበረ። በ2007 ዓ. ም. የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህችው በኤፒፒ23 አይጥ፣ በሕይወቷ ሳለች፣ ፔት በተባለው መሣሪያ አሚሎይዱን ከወር ወር ተከታትለው ፎቶግራፍ ለማንሣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ከዚህም አልፈው የጠራጊ ሕዋሳቱን መነቃቃት በዚያው መሣሪያ ለክተዋል። ስለዚህ በአንዲት አይጥ ላይ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ከ2015 ስምንት ዓመት በፊት ታውቆ የነበረ ጥበብ ነው። ውድ መሆኑን አንክድም፤ የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ ሥዕሉ ብዥታ ይበዛበታል። ቢሆንም ሕክምናው ሳይቀዱ መሆኑን የሚያወድስ ጽሑፍ ምርመራውን በቅዶ ብቻ ማድረጉ ሚዛኑን አጉድሎታል።

በሕያው እንስሳ የሚነሣውም ሥዕል ቢሆን ካላስተዋሉት ያሳስታል። በብዙዎቹ ጥናቶች አጥሩ መከፈቱ የሚታየው ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በደም ተሰጥቶ በኤም አር አይ ሲበራ ነው። የበራው ስፍራ እንግዲህ ክፍት ነው ይባላል። ለምን ያህል ነገር ክፍት? የጋዶሊኒየሙ ውሁድ ክብደት ከ1,000 ዳልተን በታች ነው፤ ለሕክምና የሚታሰበው ፀረ አካል ግን ወደ 150,000 ዳልተን ይደርሳል። ድመት በገባበት ቀዳዳ በሬ ይገባል ብሎ እንደ መደምደም ነው። ሥዕሉ አይዋሽም፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ከላይ ያነሣነው የ2018ቱ የቶሮንቶ ሥራ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ አለው። ሊፕስማንና ባልደረቦቹ አጥሩ በአምስቱም ሕሙማን መከፈቱንና በ24 ሰዓት ውስጥ መዘጋቱን አሳዩ፤ ከባድ ችግር አልደረሰም አሉ፤ አሚሎይዱን በፔት ሲለኩ ግን በቡድኑ የታየ ለውጥ የለም ብለው በግልጽ ጻፉ። በርግጥ የከፈቱት ከግንባር በስተጀርባ ያለ ትንሽ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ መላ አንጎሏ ደጋግሞ ከታከመችው አይጥ ጋር እኩል ማነጻጸር አይቻልም። ይሁን እንጂ መላውን የሰው አንጎል ማዳረስ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአይጥ ራስ ቅል ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ስስ ነው፤ የሰው ግን ብዙ ሚሊሜትር የሚወፍር፣ ከስፍራ ስፍራ፣ ከሰውም ሰው የሚለያይ ነው። ለዚህ ሲባል 1,024 የድምፅ ምንጮች ያሉት ቆብ ተሠርቶ እያንዳንዱ በሕመምተኛው አጥንት ልክ ይቃናል። አንጎሉም 1,300 ግራም ያህል ነው። በአይጥ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የሆነው በሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ማስላት ለአንባቢ እንተዋለን።

በ2024 ዓ. ም. በዌስት ቨርጂኒያ አሊ ሬዛይና ባልደረቦቹ ያወጡት ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ሦስት ሕሙማን አዱካኑማብ የተባለውን ፀረ አካል በየወሩ ሲወስዱ፣ የአንጎላቸው አንድ ወገን ብቻ በአልትራሳውንድ ተከፈተ፤ በስድስት ወር ውስጥ አሚሎይዱ በተከፈተው ወገን ካልተከፈተው ይልቅ በአማካይ በ32 ከመቶ በልጦ ቀነሰ። ሦስት ሰው ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱም በዚያው ዓመት በአምራቹ ከገበያ ወጥቷል። የሙከራው ንድፍ ግን ውብ ነው፤ አንዱ ሰው ለራሱ ማነጻጸሪያ ሆነ፤ ፎቶግራፉም በሕይወቱ ሳለ ከፊትና ከኋላ ተነሣ። አርእስቱም ስለ ማስታወስ አንዳች ተስፋ አልሰጠም።

አንዳንድ አንባቢ፣ ምናልባትም አንዳንድ መምህር፣ «አርእስት አርእስት ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ደራሲዎቹ ተጠንቅቀዋል» ሊለን ይችላል። ተጠንቅቀዋል፤ ዘዴው ወደ ፊት ሊመረመር ይገባል ብለው ነው የጨረሱት። ነገር ግን ጋዜጣው የሚወስደው አርእስቱን ነው፤ ሕመምተኛውም የሚያነበው ጋዜጣውን። ከዚህም በቀር እኛ ተማሪዎች የሌላውን ሥራ በአንድ መሥመር ስናሳጥር የምንገለብጠው አርእስቱን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ማሰሪያውን ለመፈተን የሚበቃ አንድ ሙከራ እናመልክት። የኤፒፒ23 አይጦች በዕጣ በአራት ይከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ምንም ሳይላክበት፣ ሁለተኛው በአልትራሳውንድ ብቻ፣ ሦስተኛው በአልትራሳውንድና በአረፋ፣ አራተኛው ያለ አልትራሳውንድ አሚሎይድን በሚያስወግድ ፀረ አካል ይያዙ። ሁሉም ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በፔት ይታዩ፤ የማስታወስ ፈተናውን የሚቆጥረውም ሰው የትኛዋ አይጥ ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነች አይወቅ። ሁለተኛው ክፍል ዝቃጩ ሳይቀንስለት ከተሻለ፣ አራተኛውም ዝቃጩ ቀንሶለት ካልተሻለ፣ የ2015ቱ አርእስት ለሁለት አርእስቶች ይከፈላል።